ወረቀት ላይ የሚጎድለው ካርታ

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። እኛ እጩ መምህራን ደግሞ ለልምምድ ስንወጣ ይዘነው ክፍል የምንገባው ወረቀት ብዙ ነው። ስለሆነም ወረቀቱ ምን እንደያዘ አስቀድመን መመርመር ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ከኢንተርኔት እየታተመ ለተማሪ ስለሚታደለው ካርታ ነው።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ጣና ሐይቅ ከነደሴቶቹ፣ መንገዱም ከነስሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «አትም» ሲባል ግን በአንዱ ብራውዘር ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ በሌላው ምልክቶቹ ከቦታቸው ይሸሻሉ፤ በሦስተኛው ጭራሽ ባዶ ነጭ ወረቀት ይመጣል። ያን ጊዜ ሁሉም ማተሚያውን ይራገማል። ማተሚያው ግን ምን አደረገ?

የኢንተርኔት ካርታ እንደ መጽሐፍ ሥዕል አንድ ወጥ አይደለም። ብዙውን ጊዜ 256 በ256 ነጥብ ከሆኑ ቁራጮች ተገጣጥሞ የሚታይ ነው። ቁራጮቹም የሚመጡት ለስክሪኑ በሚበቃ መጠን ነው። ብራውዘሩ ገጹን ለወረቀት ሲያሰናዳ ስፋቱን ይለውጠዋል፤ አዲስ ቁራጭ እስኪመጣ ግን አይጠብቅም። ግራጫው ቦታ የሚፈጠረው በዚህ ነው። አንዳንድ ካርታዎች ደግሞ ኮምፒውተሩ እዚያው እየሳላቸው የሚታዩ ስለሆኑ፣ ሥዕሉ ለማተም ተብሎ ካልተያዘ ባዶ ይወጣሉ። ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ሥራውን በየራሳቸው መንገድ ስለሚሠሩ ውጤቱ አንድ አይሆንም። በዚህ ላይ የጀርባ ቀለም እንዲታተም ካልታዘዙ አብዛኛውን ጊዜ ይዘሉታል፤ የምልክቶች መፍቻው ያለ ቀለም የሚቀረውም ለዚህ ነው።

ባዶ ወረቀት እንኳ ደግ ነው፤ ማንንም አያታልልም። የከፋው ሙሉ መስሎ የሚወጣው ነው። እስቲ እናስላው። በካርታው ላይ መስፈርቱ 1፡100,000 ተብሎ ተጽፏል እንበል። 1 ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። ብራውዘሩ ገጹን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት ወደ 70 በመቶ ቢያሳንሰው፣ የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ 7 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይታተማል። ቁጥሩ ግን እንደነበረ ነው። ተማሪው በማስመሪያ ለክቶ «7 ኪሎ ሜትር» ይላል። ልጁ በትክክል ለክቷል፤ ያሳሳተው የተሰጠው ወረቀት ነው።

«ስልክ እያለ ማተም ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። መብራትና ኔትወርክ በሌለበት፣ ክፍሉም ጢም ብሎ በሞላበት ትምህርት ቤት ስልኩ ለስንቱ ይታያል? ተማሪ ካርታ የሚማረው በእጁ ይዞ፣ ለክቶና ቀለም ቀብቶ እኮ ነው። «ስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ ማተም ነዋ!» የሚሉም አሉ። ይሄ ይሻላል፤ ሆኖም 1,000 ነጥብ ስፋት ያለው ምስል በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 8.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሲለጠጥ ፊደሉ ይደበዝዛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ በብራውዘሩ የማተሚያ ትእዛዝ ከመቸኮል ካርታው ራሱ ፒዲኤፍ የሚያወጣ ከሆነ በዚያ እንጠቀም፤ ኦፕን ስትሪት ማፕ ይህ አለው። ሁለተኛ፣ በቁጥር ከተጻፈው መስፈርት ይልቅ በመስመር የተሠመረውን እንያዝ፤ መስመሩ ከካርታው ጋር አብሮ ያንሳል፣ አብሮ ያድጋል። ሦስተኛ፣ ለክፍሉ ሁሉ ከማባዛታችን በፊት አንዱን አትመን ርቀቱን ከምናውቀው መንገድ ጋር እናመሳክር። የካርታውን ምንጭ መጻፍም አይዘንጋ።

በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ካርታ ስለው የሰቀሉ መምህራን አሉ። የእነሱ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። የተፈተሸ አንድ ወረቀት ከተገኘ፣ በላዩ አራት ማዕዘን እያሰመሩ ወደ ጆንያው አሳድጎ መሳል ይቻላል። ያን ጊዜ አንድ ወረቀት ለክፍሉ ሁሉ ይበቃል።

መምህሮቻችንን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠን፤ አንዱን ካርታ በሁለት ብራውዘር አትመን፣ በማስመሪያ ለክተን እናወዳድር። ተለክቶ የተረጋገጠውም በትምህርት መርጃ ማዕከላችን ይቀመጥ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ከባዶ እንዳይጀምሩ። ወረቀት የያዘውን የማይለቅ ከሆነ፣ ትክክለኛውን እናስይዘው።