የአሳማይቱ ቤትና የአያት ቤት



ባለፈው ነሐሴ፥ በጾመ ፍልሰታ መካከል፥ በእንግሊዝ አገር የምትኖረው የእኅታችን ልጅ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራትን ሕፃኗን ይዛ መጥታ ነበር። ሕፃኗ አያቷን በዐይኗ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ታላቅ እኅታችን የሚኖሩት ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በአጋሮ ነው። እኛም ትምህርት ቤት ለክረምት ተዘግቶ ስለ ነበረ እንግዶቹን ከጅማ ተቀብለን እስከዚያው አደረስናቸው።

ከቅዳሴ መልስ ቄጠማው ተጎዝጉዞ ቡናው ሲቀርብ፥ ሕፃኗ የእናቷን ስልክ አንሥታ ለአያቷ አንድ ፎቶግራፍ አሳየቻቸው። በፎቶግራፉ ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች፥ በሁለት እግሯ የቆመች፥ ከሕፃኗ እጅግ የምትረዝም አሳማ ትታያለች፤ ሕፃኗም አጠገቧ ቆማለች። እኅታችን መነጽራቸውን አድርገው አተኩረው ካዩ በኋላ አማተቡ። ሕፃኗ ግን በእንግሊዝኛ ጓደኛዋ መሆኗን እየደጋገመች ታስረዳቸው ነበር።

ነገሩን ለማያውቁ አንባብያን እንግለጽ። ፔፓ ፒግ የተባለችው አሳማ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረች ካርቱን ናት። ከአባቷ፥ ከእናቷና ጆርጅ ከሚባለው ታናሽ ወንድሟ ጋር በኮረብታ ላይ ባለ ቤት ትኖራለች። እያንዳንዱ ታሪኳ 5 ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃል፤ አብልጣ የምትወደውም ጭቃ ላይ መዝለል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐምፕሸር በተባለው አውራጃ፥ ፖልተንስ በሚሉት መናፈሻ ውስጥ፥ ቤቷና መንደሯ በእውን ተሠርቶ ለሕፃናት ተከፈተ። በካርቱኑ የታየው መኪናና ሄሊኮፕተር፥ የጆርጅ ዳይኖሰር ሳይቀር፥ ልጆች እንዲሳፈሩበት ሆኖ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቦሪስ ጆንሰን እንኳ በነጋዴዎች ጉባኤ ላይ ንግግራቸውን አቋርጠው ስለዚህ ስፍራ ማውራታቸው ብዙ አነጋግሮ ነበር።

በአጋሮ ግን አሳማ ሲባል ቀይ ቀሚስ ትዝ የሚለው ሰው የለም። በዚያ የሚታወቀው የዱር አሳማና ከርከሮ ነው፤ ገበሬው በቆሎው ሲያሽት ሌሊቱን ማማ ላይ ተቀምጦ የሚያድረው እርሱን ለማባረር ነው። ለመብልም ቢሆን እኛም ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አንነካውም። ስለዚህ እኅታችን ማማተባቸው አላስደነቀን።

ያስደነገጠን ቀጥለው የተናገሩት ነው። ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው፦ «የአሳማ ቤት ለመሳለም ጊዜውም ገንዘቡም ተገኘልሽ፤ የእኔን ቤት ለማሳየት ግን ሦስት ዓመት ፈጀብሽ» አሏት።

ቤቱ ዝም አለ። ልጂቱ አንገቷን ደፍታ ቆየችና እንዲህ አለች፦ «እማዬ፥ ለዚያ የፈጀብን አንድ ቅዳሜ ነው። ወደዚህ ለመምጣት ግን የስንት ወር ደመወዝ እንዳጠራቀምን አታውቂም። እኔ ወጥ ስሠራ፥ ልብስ ሳጥብ፥ ከልጄ ጋር የምትስቅ አክስት የለችኝ፤ ጎረቤቴንም በስም አላውቀውም። ያቺ አሳማ ናት ያቆየችልኝ።» ከዚያም ቀኑ እንዴት እንደ ዋለ አወራችን። በዚያ ስፍራ ቁመቱ ከ1 ሜትር ያነሰ ሕፃን ያለ ክፍያ ይገባል (የሚከፍሉትስ ወላጆቹ አይደሉምን?)። ሕፃኗ በቴሌቪዥን አንድ ስንዝር የምታህለውን ወዳጇን ከሰው ገዝፋ ባየች ጊዜ ከእናቷ ጉያ ተሸሸገች፤ ያ ፎቶግራፍ የተነሣው ከብዙ ማባበል በኋላ ነው። ከዚያ ሁሉ ነገር ለሳምንት ስታወራው የሰነበተችው ግን በኩሬ ዳር ያገኘቻትን አንዲት ዳክዬ ነበር።

እኛ ይህን ስንሰማ የራሳችን ነገር ትዝ ብሎን አፈርን። የአንድነት ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አበባ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ከተከፈተ በኋላ፥ የሁለት ዓመት ተኩል ልጃችንን አንበሳ እናሳይ ብለን ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ወስደነው ነበር። እርሱ አንበሳውን አንድ ጊዜ አይቶ ተወውና መሬት ላይ ጠጠር ይለቅም ጀመር። እኛም ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ያወጣነው ብለን ተቆጣነው። ልጁ ምን አጠፋ? አንበሳውን ለማየት የጓጓነው እኛ ነበርን። ከከተማችን ዳር በቦዬ ረግረግ ጉማሬ እያለልን፥ በሁለት ዓመቱ ከሩቅ ቆሞ ቢያየው ይበቃው ነበር፤ ጥዋት ሄዶ ከእንቅልፉ ሰዓት በፊት ቤቱ ይገባ ነበርና።

ስለ አሳማይቱም እኅታችን ለብቻችን ጠይቀውናል፦ የክርስቲያን ልጅ እንዲህ ያለውን ወዳጅ ማለቷ ነውር አይደለም ወይ ሲሉ። በኦሪት የተከለከለው መብሉ ነው፤ ሥዕሉን አይቶ መሳቅ አይደለም። በአራዊት ምሳሌ ማስተማርም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከጥንት ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የአራዊትን ጠባይ እያነሣ ሰውን የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። በዘመናችንም መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ፀሐይ የተባለችውን አሻንጉሊት ቀጭኔ ሠርተው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአማርኛ ሕፃናትን አስተምረዋል። ለእኛ የከበደን ሌላ ነገር ነው፤ ሕፃኗ የአሳማይቱን ቋንቋ ታውቃለች፥ የአያቷን ግን አታውቅም። ይህንንም ለእናቲቱ ሳንሸሽግ ነገርናት። ፀሐይን በስልኳ ይዛላት ሄዳለች።

በሦስተኛው ቀን ብርቱ ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ ግቢው በቀይ ጭቃ ተሞላ። ሕፃኗ ከደጃፍ ቆማ ለመዝለል ጮኸች። በባዶ እግሯ እንዳትወርድ ከለከልን፤ በአገራችን ጭቃ በእግር ቆዳ የሚገባ የአንጀት ትል አለና፤ ቀይ አፈርን በባዶ እግር ዓመታት መርገጥም እግርን ያሳብጣል። በካርቱኑም ቢሆን እናት አሳማ ልጆቿን ያለ ቦቲ ጭቃ አታስረግጥም። እኅታችን ይህን እንደ ሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ገበያ ሄዱ፤ ትንሽ ቢጫ ቦቲም ይዘው ተመለሱ። ሕፃኗን እጇን ይዘው ከጭቃው መካከል ገቡ። እርሷ ስትዘል እርሳቸው «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት» እያሉ ይቆጥሩላት ነበር። ወደ ማታ ሕፃኗ ራሷ እስከ አምስት በአማርኛ ቆጠረች፤ አራትን ብትዘልም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ወደ አጋሮ ብቅ ብለን ነበር። ቦቲው ታጥቦ ከጓዳው ደጃፍ ተሰቅሏል። ለሚመጣው ክረምት ስለሚጠባት ከጅማ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ እንድንገዛ እኅታችን ከወዲሁ ገንዘቡን ሰጥተውናል።