ጤናችን፦ የልጅ ሆድ ሲጠጥር

ዛሬ የምናነበው ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶት ስለማያውቅ አንድ የልጆች በሽታ ነው። ስሙ ረዘም ይላል። አትቸኩሉ፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ኒው - ሮ - ብላስ - ቶ - ማ። አሁን አንድ ላይ፦ ኒውሮብላስቶማ።

ስሙ ከሦስት ቃላት የተገጣጠመ ነው። «ኒውሮ» ነርቭ ማለት ነው። «ብላስት» ገና ያልበሰለ፣ ለጋ ማለት ነው። «ኦማ» ደግሞ እብጠት ማለት ነው። ስለዚህ ኒውሮብላስቶማ ካልበሰለ ነርቭ የተነሣ እብጠት ነው። ስሙን ለሕክምናው ዓለም ያስለመደው ጄምስ ሆመር ራይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1910 ነበር። ከዚህ በታች የምትመለከቷቸው ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው ከካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። ካንሰር በተለምዶ ነቀርሳ የምንለው ነው። «እንዴ! ካንሰር ልጅንም ይይዛል?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ይይዛል።

እንዴት ይነሣል?

ቤት በድንጋይና በጡብ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ሰውነታችንም ሴል በሚባሉ በዓይን በማይታዩ ትንንሽ ነገሮች የተሠራ ነው። ሕፃን በማኅፀን ሳለ ነርቮቹ ከለጋ ሴሎች ይሠራሉ። ለጋዎቹ ሴሎች ጊዜያቸውን ጠብቀው ይበስላሉ። አንዳንድ ጊዜ ግን ጥቂቶቹ ሳይበስሉ ይቀራሉ። ሳይበስሉም ይራባሉ፤ ይከማቻሉ። እብጠት የሚሆነው ይኸው ክምችት ነው።

እብጠቱ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከኩላሊት አናት ላይ ካለች ትንሽ ዕጢ ነው። በአከርካሪ አጠገብም፣ በሆድ፣ በደረት ወይም በአንገት ውስጥ ሊነሣ ይችላል። ከተነሣበት ቦታ ወደ አጥንት፣ ወደ መቅኔ፣ ወደ ጉበትና ወደ ቆዳ ሊዛመት ይችላል።

ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታው ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም። ስለዚህ የታመመውን ልጅ ከእኩዮቹ መለየት አያስፈልግም። ቡዳም አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። በዘር የሚመጣውም ከ100 ታማሚዎች በ1 ወይም በ2 ብቻ ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ይህን ስለበላች፣ ያን ስለሠራች የመጣ አይደለም። ስለዚህ ማንም ሰው እናትን ወይም አባትን አይውቀስ።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

አንደኛ፣ የልጁ ሆድ ይነፋል፤ ሲነኩት በውስጡ የጠጠረ ነገር ይገኛል።
ሁለተኛ፣ ልጁ አጥንቱን ያመዋል። ያነክሳል። ይሄድ የነበረው ልጅ አልሄድም ይላል።
ሦስተኛ፣ በዓይኖቹ ዙሪያ ማንም ሳይመታው ይጠቁራል፤ ይበልዛል። አንዱ ዓይን ወደ ውጭ ሊወጣም ይችላል።
አራተኛ፣ ይገረጣል፤ ይከሳል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ይመላለስበታል።
አምስተኛ፣ እግሩ ይዝላል፤ ወይም ሽንቱና ዓይነ ምድሩ ይይዘዋል። ይህ እብጠቱ በአከርካሪ ውስጥ ያለውን ነርቭ ሲጫን የሚመጣ ነው። አንድ ቀን እንኳ ማደር የለበትም።

ሆዱ የተነፋ ልጅ ሁሉ ካንሰር አለበት ማለታችን አይደለም። ኧረ የለም! ወስፋትም ሆድ ይነፋል። የምግብ እጥረትም ይነፋል። ልዩነቱን የሚያውቀው ግን የመረመረ ሰው ነው። እቤት ተቀምጦ «ወስፋት ነው» ማለት አይበቃም። የወስፋት መድኃኒት ወስዶ ሆዱ ካልጎደለ፣ ወይም የጠጠረ ነገር ከተገኘ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አንድ አደራ እንበላችሁ። የጠጠረውን ሆድ አታሹት፤ አትጫኑት። አታስበጡት፤ አታስተኩሱት። እነዚህ ሁሉ ልጁን ሊጎዱት ይችላሉ እንጂ እብጠቱን አያጠፉትም።

ሐኪሙ ምን ይመረምራል?

ሐኪሙ መጀመሪያ ሆዱን በእጁ ይዳስሳል። ከዚያም በአልትራሳውንድ ውስጡን ይመለከታል። ሽንትም ይመረመራል፤ ምክንያቱም የዚህ እብጠት ሴሎች የሚያመነጩት ነገር በሽንት ይወጣል። በመጨረሻም ከእብጠቱ ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። መቅኔም ይመረመራል። ቁራጭ ሲወሰድ «ልጄን ሊቆርጡት ነው» ብላችሁ አትደንግጡ። ያለዚህ ምርመራ በሽታው በትክክል አይታወቅም።

አንድ ስም፣ ሦስት ዓይነት ክብደት

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ካፊያም ዝናብ ይባላል፤ በረዶ የቀላቀለ ውሽንፍርም ዝናብ ይባላል። ግን አንድ ናቸው? አይደሉም። ኒውሮብላስቶማም እንደዚያው ነው። ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ግን ልዩ ልዩ ነው። ሐኪሞች በሦስት ይከፍሉታል፤ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ።

ክብደቱን የሚያውቁት በአራት ነገር ነው። የልጁ ዕድሜ ስንት ነው? ከ18 ወር በታች የሆነ ልጅ ብዙ ጊዜ የተሻለ ዕድል አለው። እብጠቱ ተዛምቷል ወይስ በቦታው ነው? ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ምን ይመስላሉ? በሴሎቹ ውስጥ በሽታውን የሚያበረታው ጂን ከልክ በላይ ተባዝቷል ወይ?

ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች፣ ቀላሉ ዓይነት ከያዛቸው 100 ልጆች ከ95 በላይ ይተርፋሉ። መካከለኛው ከያዛቸውም 90ዎቹ ወይም ከዚያ በላይ ይተርፋሉ። ከባዱ ዓይነት ከያዛቸው ግን የሚተርፉት ግማሽ ያህሉ ናቸው።

የሚያስገርም ነገር ደግሞ አለ። በአንዳንድ ጨቅላ ሕፃናት ላይ እብጠቱ ያለ መድኃኒት ራሱ ይጠፋል። የዘገዩት ሴሎች ወይ ይሞታሉ፤ ወይ ይበስላሉ።

ይህን በደንብ ያስተማረችው ጃፓን ናት። ከ1984 ጀምሮ በመላው ጃፓን የ6 ወር ሕፃናት ሽንት ይመረመር ነበር። ሐሳቡ «በሽታውን ቶሎ እናግኘው» የሚል ነበር። ብዙ እብጠትም ተገኘ። ብዙ ሕፃናትም ታከሙ። ነገር ግን ከተገኙት ብዙዎቹ ቢተዉ ራሳቸው የሚጠፉ እንደነበሩ ታወቀ። በካናዳና በጀርመን የተደረጉ ጥናቶችም ጤነኛ ሕፃናትን ሁሉ መመርመር የሞቱን ቁጥር እንዳልቀነሰ በ2002 አሳዩ። ጃፓን በ2003 ምርመራውን አቆመች።

ታዲያ ይህ «ሐኪም ዘንድ አትሂዱ» ማለት ነው? አይደለም። ጃፓኖቹ ይመረምሩ የነበረው ምንም ምልክት የሌለበትን ሕፃን ነው። ምልክት የታየበት ልጅ ግን ሳይዘገይ መታየት አለበት። የትኛው እብጠት ይጠፋል፣ የትኛው ይገድላል የሚለውን ለይቶ የሚያውቀው የመረመረ ሐኪም ነው። ወላጅ በግምት «ራሱ ይጠፋል» ብሎ ቢቀመጥ ልጁን ሊያጣ ይችላል።

ሕክምናው እንደ ክብደቱ ነው

ቀላል ከሆነ በቀዶ ሕክምና እብጠቱን ማውጣት ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ለአንዳንድ ሕፃናት ሐኪሙ «እየመጣችሁ አሳዩኝ» ይላል። ይህ ችላ ማለት አይደለም፤ መከታተል ነው። ቀጠሮው ግን መቅረት የለበትም።

መካከለኛ ከሆነ ኬሞቴራፒ ይጨመራል። ኬሞቴራፒ የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት ነው። በየዙሩ እያረፉ ይሰጣል። እብጠቱ ሲያንስ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ከባድ ከሆነ ሕክምናው ብዙ ነው። ኬሞቴራፒ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የጨረር ሕክምና፣ ከልጁ አስቀድሞ የተወሰዱ ደም ሠሪ ሴሎችን መልሶ መስጠት፣ ከዚያም ሰውነት ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚረዱ መድኃኒቶች አሉ። ሁሉም ሲደመር ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይወስዳል። ዲኑቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት በ2015 በአሜሪካ ተፈቀደ። ቀድሞ በአፍሪካ ለእንቅልፍ በሽታ ይሰጥ የነበረው ኤፍሎርኒቲንም፣ በሽታው እንዳይመለስ ይረዳል ተብሎ በ2023 በዚያው በአሜሪካ ተፈቅዷል። እነዚህ ሁሉ በየአገሩ አይገኙም፤ ዋጋቸውም ውድ ነው።

መሐል ላይ አታቋርጡ

በአገራችን አዲስ አበባ በሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና በጅማ የልጆች ካንሰር ይታከማል። መንገዱ ሩቅ ነው። ወጪው ይከብዳል። እቤት የቀሩት ልጆችና ከብቶችም አሳዳሪ ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ እናውቃለን።

ሆኖም ብዙ ልጅ የሚጎዳው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ዘግይቶ መምጣት ነው። ሁለተኛው ማቋረጥ ነው። ልጁ ጥቂት ዙር ከወሰደ በኋላ ሆዱ ይጎድላል። ምግብ ይበላል፤ ይጫወታል። ያኔ ወላጅ «ድኗል እኮ!» ይልና ወደ አገሩ ይመለሳል። የቀሩት ሴሎች ግን አይታዩም እንጂ አሉ። ሲመለሱ ከፊተኛው ይብሳሉ። መሄድ ካቃታችሁ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። ለሐኪሙ ወይም ለማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛው ችግራችሁን ንገሩ። ዕድርም፣ ጎረቤትም ለትራንስፖርት ሊያግዝ ይችላል።

ኬሞቴራፒ የሚወስድ ልጅ ፀጉሩ ይረግፋል፤ ያስታውከዋል። ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። ትኩሳት ካለው ግን እስኪነጋ አትጠብቁ። መድኃኒቱ በሽታ የመከላከል ኃይሉን ስለሚያዳክመው ትኩሳቱ በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

የማይድንበት ጊዜም አለ። ይህን መደበቅ አይገባም። ያን ጊዜም ቢሆን ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት አለ። ልጁ እያቃሰተ መተኛት የለበትም። ይህንንም ሐኪሙን ጠይቁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው 100 ልጆች ከ80 በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃ አገሮች ግን 30 እንኳ አይሞሉም። ድርጅቱ በ2018 ባወጣው ዕቅድ በ2030 በዓለም ቢያንስ 60ዎቹ እንዲድኑ ተነሥቷል። ይህ በሐኪም ብቻ አይሆንም። የልጁን ገላ የምታጥበው እናት፣ የሚያቅፈው አባት፣ የምታዝለው እህት እጃቸው የጠጠረውን ነገር ከሐኪም በፊት ያገኘዋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ያነበባችሁትን ማንበብ ላልቻለ ጎረቤት አንብቡለት።

ጥያቄዎች
1. የጠጠረ ሆድ ለምን አይታሽም?
2. የኒውሮብላስቶማ ሦስቱ ክብደቶች ምን ምን ናቸው?
3. ልጁ የዳነ ሲመስል ሕክምናውን ማቋረጥ ምን ያመጣል?
4. ኬሞቴራፒ የሚወስድ ልጅ ቢያተኩሰው ምን ታደርጋላችሁ?