የደም ካንሰር ጉባኤ ላይ ታካሚው የት ይቀመጥ?



ዛሬ ስለ በሽታ ምልክት አይደለም የምጽፍላችሁ፤ ስለ ስብሰባ ነው። «ስብሰባ ደግሞ ምን ይፈይዳል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን የደም ካንሰር ታካሚዎች፣ አስታማሚዎችና ባለሙያዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው የሚማማሩበት ጉባኤ እንደ መድኃኒቱ ሁሉ የሕክምናው ክፍል ነው ባይ ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

አንድ የደም ካንሰር ዓይነት እንውሰድ፤ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ፣ ባጭሩ ሲኤምኤል። መነሻው 9ኛው እና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጮቻቸውን ሲለዋወጡ የሚፈጠር የተዛባ ጂን ነው። የዓለም የሲኤምኤል ቀን በፈረንጆቹ 9ኛ ወር፣ በ22ኛው ቀን የሚውለውም ለዚሁ ነው፤ በእኛ መስከረም 12 አካባቢ።

ለዚህ በሽታ ኢማቲኒብ የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት አለ። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል በጥናት ከታቀፉት 83 በመቶ ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ። እኛም አገር ብዙ ታካሚዎች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ በማክስ ፋውንዴሽን ፕሮግራም አማካኝነት ያለ ክፍያ ሲያገኙት ቆይተዋል።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? መድኃኒቱ የሚሠራው ሲዋጥ ብቻ ነው!

ለንደን የሚገኘው ሐመርስሚዝ ሆስፒታል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት አለ። 87 ታካሚዎች የሚወስዱትን ኢማቲኒብ ክዳኑ ሲከፈት በሚመዘግብ ብልቃጥ አድርገው ለ3 ወር ተከታተሉ። ከታዘዘላቸው ከ90 በመቶ በላይ የዋጡት በ6 ዓመት ውስጥ የካንሰሩ ጂን በሚፈለገው መጠን የመቀነስ ዕድሉ 94.5 በመቶ ነበር። 90 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የዋጡት ግን 28.4 በመቶ ብቻ! ልዩነቱ በወር ሦስት ቀን መርሳት አካባቢ ላይ ነው ያለው። ሦስት ቀን ደግሞ ለቅሶ ክፍለ ሀገር ደርሶ መመለስ ነው።

ሰው ለምን ያቋርጣል? ታካሚዎች የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ተመልከቱ።

«ጾም ነው፤ በባዶ ሆዴ ልዋጠው?» አይዋጥም። ከምግብ ጋር፣ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ነው። ጿሚ ከሆኑ ከጾሙ በኋላ ከሚበሉት ዋና ምግብ ጋር መውሰድ ይቻላል፤ ሰዓቱን ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ።

«ጸበል ልገባ ነው፤ መድኃኒቱን ላቁም?» አያቁሙ። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል።

«ደሜ ተስተካክሏል ተብያለሁ፤ ለምን እውጣለሁ?» የደም ቆጠራ ተስተካከለ ማለት ጂኑ ጠፋ ማለት አይደለም። እሱ የሚለካው ፒሲአር በሚባል ምርመራ ነው። ለዓመታት ውጤታቸው በጣም ጥሩ ሆኖ የቆየ አንዳንድ ታካሚዎች ማቆም ይችላሉ፤ ግን በሐኪም ውሳኔና በተደጋጋሚ ምርመራ እንጂ በራስ ፈቃድ አይደለም።

«ማርገዝ እፈልጋለሁ።» ከማርገዝሽም፣ መድኃኒቱን ከማቆምሽም በፊት ሐኪምሽን አነጋግሪ። ኢማቲኒብ ጽንስን ሊጎዳ ይችላል።

እነዚህ ጥያቄዎች በተጨናነቀ ክሊኒክ ውስጥ አይጠየቁም። ደጅ ላይ ሰልፍ አለ። ታካሚው «ዶክተር ይቆጡኛል» ብሎ ይፈራል፤ «መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው?» ሲባል «አዎ» ብሎ ይወጣል። አዳራሽ ውስጥ ግን አንዱ እጁን ሲያወጣ የመቶ ሰው ጥያቄ ይመለሳል። ለብዙ ዓመት ሳታቋርጥ የዋጠች ሴት ስትናገር መስማት ደግሞ የእኔን ምክር አሥር ጊዜ ከመስማት ይበልጣል።

አስታማሚስ? አኪዩት ሉኪሚያ ያለበት ሰው ኬሞ ወስዶ ቤት ሲገባ ሌሊት ግንባሩን የምትዳስሰው እህት ወይም እናት ናት። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ሌሊቱ እስኪነጋ አይጠበቅም። ይህን ማወቅ ያለባት ከእኔ ቀድማ እሷ ናት። ፕላትሌት ከተለገሰ በኋላ የሚቆየው ከ5 እስከ 7 ቀን በመሆኑ ለጋሽ አንዴ ፈልጎ ማቆም እንደማይቻልም ቤተሰብ ማወቅ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ልማዳችንን ልንካ። «አደራ ዶክተር፣ ካንሰር መሆኑን እንዳይነግሩት።» ከፍቅር የመጣ ነው፤ ይገባኛል። ግን በሽታውን የማያውቅ ሰው ለዓመታት በየቀኑ መድኃኒት የሚውጥበት ምክንያት ምን ይሆናል? ጉባኤስ እንዴት ብሎ ይመጣል?

ለባለሙያውም ቢሆን ትምህርት አለው። ነርሷ፣ ፋርማሲስቱ፣ የላብራቶሪ ባለሙያው ታካሚው ለአንድ ወር መድኃኒት ስንት ሰዓት በአውቶቡስ እንደሚጓዝ የሚሰሙት ከራሱ ነው። ይህ በካርድ ላይ አይጻፍም።

ደግሞ አትርሱ፤ በዚህ መስክ የታወቁ ድርጅቶችን ያቋቋሙት ቤተሰቦች ናቸው። ቀድሞ ሉኪሚያ ኤንድ ሊምፎማ ሶሳይቲ ይባል የነበረው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተው ልጃቸውን በሉኪሚያ ባጡ ወላጆች ነው። ማክስ ፋውንዴሽንም ስሙን ያገኘው በሲኤምኤል ከሞተ ወጣት ነው። የእኛው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም እንዲሁ በሉኪሚያ በተቀጠፈ ሕፃን ስም ነው የቆመው። መንገዱን የጠረጉት ቤተሰቦች ሆነው ሳለ በጉባኤው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የኋላ ወንበር ይሰጣቸዋል። አሥር ደቂቃ ምስክርነት፣ ፎቶ፣ ምሳ፣ አለቀ።

የሥራ ባልደረቦቼ የሚያነሱት ስጋት አለ፤ «ታካሚ ፊት ስለ ከባድ ኬዝ በነጻነት መወያየት አንችልም፤ ይደነግጣሉ» ይላሉ። እውነት አለው። ስለዚህ ጠዋቱ ለባለሙያ ይሁን፣ ከሰዓቱ የጋራ። ድንጋጤውን በተመለከተ ግን ታካሚው ቤቱ ቁጭ ብሎ ከቲክቶክ የሚያገኘው «የካንሰር ፈውስ» የበለጠ አስደንጋጭ ነው።

እንደ እኔ ጥሩ ጉባኤ ማለት፦

✅ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎች የሚሰማ፤
✅ ጥያቄ ያለ ስም በወረቀት ተጽፎ የሚሰበሰብበት፤
✅ መግቢያው ነጻ የሆነ፣ ከሩቅ ለሚመጣም ትራንስፖርት የታሰበበት፤
✅ የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች ማስክና ሰፋ ያለ ቦታ ያለው፣ መምጣት ላልቻለም በቴሌግራም የሚደርስ፤
✅ የመድኃኒት ማስታወቂያ መድረክ ያልሆነ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ አሜሪካ፣ ሆስፒታላችሁ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብላችሁ ጠይቁ። ልጆቻችሁን በእናታቸው ካንሰር ላይ አስተርጓሚ አታድርጓቸው።

ሐኪም ከሆናችሁ በሚቀጥለው ጉባኤያችሁ ፕሮግራም ላይ ለታካሚ ጥያቄ አንድ ሙሉ ሰዓት አስገቡ። ታካሚ ወይም አስታማሚ ከሆናችሁ ደግሞ ጥያቄያችሁን ዛሬውኑ ጻፉና ለቀጠሯችሁ ያዙት። ጉባኤው እስኪመጣ ድረስ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ ለሚያስታምም ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።

ጤናችሁ ይብዛ!