ከሸኖ ቅቤ ማዶ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚጓዝ ቤተሰብ ሸኖ ላይ የሚቆመው ለቅቤ ነው። እኛም ስንት ዓመት እንደዚያው ነበርን። ባለቤቴ መኪናውን ጥግ ያስይዛል፤ እኔ ወርጄ አሽትቼ፣ በጣቴ ጫፍ ቀምሼ፣ ዋጋ ተከራክሬ እገዛለሁ፤ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው እስከ ደብረ ብርሃን ያማርራሉ። ባለፈው ጥር፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ሲዘጋ ግን፣ ከቅቤው በፊት የሰገሌን የጦር ሜዳ እንይ አልኩ።

«እዚያ ምን አለ?» አለ ባለቤቴ።

እውነቱን ለመናገር ምንም የለም። የታጨደ የገብስ ማሳ፣ የኩበት ክምር፣ ፊት የሚገርፍ ብርድ። እኛ በቆምንበት በኩል የተጻፈበት ድንጋይ እንኳ አላየንም። ውድማ ላይ በሬዎቻቸውን እየነዱ የሚያበራዩ አንድ አዛውንት ቦታውን ብንጠይቃቸው፣ በአለንጋቸው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ጠቅልለው አሳዩንና «ይኸው ነው፤ ሁሉም ሰገሌ ነው» ብለውን ወደ በሬዎቻቸው ዞሩ።

የ11 ዓመቱ ልጄ አድዋን አብጠርጥሮ ያውቃል። ፒያሳ ያለው የአድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወስጄዋለሁ። እናም ሜዳውን ቃኘት አደረገና «ጣሊያኖቹ በየት በኩል ነበሩ?» አለኝ። ጣሊያን አልነበረም አልኩት። «እንግሊዝ?» እሱም አልነበረም። «ታዲያ ከማን ጋር ነው የተዋጋነው?»

የቤተሰብ ጠብ አድርጌ ነገርኩት፤ ነበርም። ልጅ ኢያሱ የዳግማዊ ምኒልክ የልጅ ልጅ ናቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ከሥልጣን ወረዱ። አክስታቸው ዘውዲቱ ነገሡ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ያን ጊዜ ኢያሱ 21፣ ተፈሪ 24 ዓመታቸው ነበር። የኢያሱ አባት፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል፣ ለልጃቸው ብለው ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የራስ ልዑልሰገድን ጦር ድል መቱ፤ ራስ ልዑልሰገድም እዚያው ወደቁ። ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱ ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና ከራስ ተፈሪ ጦር ጋር ገጠሙ። ተሸነፉ፤ ተማረኩ።

ለልጅ ዓመተ ምሕረት አይያዝለትም። የፈረስ ስም ግን ይያዝለታል። ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ተፈሪ አባ ጠቅል። የ7 ዓመቷ ልጄ አባ ሻንቆ ነኝ ብላ በቃርሚያው ላይ ትጋልብ ጀመር። ወንድሟ አልተከተላትም። «ንጉሥ ሚካኤል መጥፎ ሰው ነበሩ?» አለኝ። ከዚያ 20 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ አድዋ ላይ፣ የወሎን ጦር ይዘው ከተፈሪ አባት ከራስ መኮንን ጋር ባንድ ወገን የተሰለፉ ሰው ናቸው አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። እኔም አልጨመርኩበትም፤ ሜዳ ላይ ከዐሥር ደቂቃ በላይ ማስተማር ልጅን ከታሪክ ማጣላት ነው።

እህቴ ይህን ስትሰማ ተቆጣችኝ። ሕፃናት ይዞ ወንድም ወንድሙን የገደለበት ቦታ ሽርሽር ምን ይሉታል፣ የደረቀ ቁስል መነካካት ነው አለች። አልፈርድባትም። ግን ልጄ የሰሜኑን ጦርነት በ8 ዓመቱ በስልክ አይቶታል፤ እኔ ዞር ባልኩ ቁጥር። ስልክ ላይ ደግሞ ጦርነት ሲያልቅ አይታይም፤ ሌላ ቪዲዮ ይተካል እንጂ። ሰገሌ ላይ ግን አልቆ ይታያል። ገብስ ይወቃበታል። የድል ሜዳ ብቻ ያየ ልጅ ጦርነት ሁልጊዜ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ይመስለዋል፤ አገር ውስጥ የተነሣ ዕለትም፣ ከጎረቤቱ መካከል ጣሊያን መፈለጉ አይቀርም።

ሰገሌ ብቻም አይደለም። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት ተዋግተው፣ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማርከዋል። 14 ዓመት ሳይሞላ ሁለቱም አድዋ ላይ አብረው ነበሩ። እነዚህን ሜዳዎች አንድ ላይ የሚያስጎበኝ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እስካሁን አላየሁም። እኔ ሐውልትም ካፌም አልጠይቅም። ሸኖ ላይ ከአስፋልቱ ዳር አቅጣጫ የሚያሳይ አንድ ሰሌዳ፣ ሜዳው ላይ ደግሞ የሁለቱንም ወገን ስም የያዘ አንድ ድንጋይ ቢቆም ይበቃኛል። የምትሄዱ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ለልጆቹ ወፍራም ሹራብና ቆሎ ያዙ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ባለቤቴ «የእናቴ አያት እዚህ ሳይዘምቱ አልቀሩም» አለኝ። እሱ የወሎ ልጅ ነው፣ እኔ የሸዋ፤ ዐሥራ አምስት ዓመት በትዳር ስንኖር ይህን አንስቶልኝ አያውቅም። ሸኖ ላይ፣ ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ እንዳለ፣ ደሴ አማቴ ዘንድ ደወልን። «አዎ፣ በፈረስ ሄደው በእግራቸው ነው የተመለሱ» አሉ። «ፈረሱ እዚያው ቀረ። ቤት ገብተውም ስለ ፈረሱ እንጂ ስለ ጦርነቱ አላወሩም ይባላል።»

ልጄ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «እማማ፣ የፈረሱ ስም ማን ነበር?»

አማቴ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። አያውቁትም።