ናፍጣ ናፍጣ የሚል ሽሮ አንሸጥም



በመጪው እሁድ የፓርክላንድስ ዕቁባችን ይሰበሰባል። አጀንዳው አንድ ነው፤ ለጋራ መጋዘናችን የትኛው ፎርክሊፍት ይገዛ? የብዙዎቻችሁ ልብ ያረፈው ለሦስት ወር ተከራይተን በሠራንበት ባለ 3 ቶን የናፍጣ ፎርክሊፍት ላይ ነው። ባለቤቱ «ከወሰዳችሁት ዋጋ እቀንሳለሁ» ካለ ወዲህ ስልካችን እረፍት አጥቷል። «ጉልበታም ነው»፣ «የጃፓን ነው»፣ «እንዲህ ያለ ዋጋ ሁለተኛ አይገኝም» ትላላችሁ።

እኛ ግን አይገዛ እንላለን። የሚገዛ ከሆነ ለእኛ የሚስማማው ትንሽ የኤሌክትሪክ ፎርክሊፍት ነው፤ ከእሱም በፊት መቅደም ያለባቸው ነገሮች አሉ። እኛ ስንል የመጋዘኑን ቁልፍ የያዝነው፣ የገቢና የወጪ መዝገቡን የምንጽፈው፣ መኪና ሌሊት ሲደርስ ተነስተን በሩን የምንከፍተው ነን። ምክንያታችንን በቁጥር እናቀርባለን፤ እናንተም በቁጥር መልሱልን።

ከሽሮው እንጀምር። ሃይሪጅ አካባቢ የምትኖር አንዲት ደንበኛችን ባለፈው ወር አምስት ኪሎ ሽሮ መልሳ አመጣች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ልጆቼ አንበላም አሉኝ፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል» ብቻ አለች። አሸተትነው፤ እውነቷን ነበር። ገንዘቧን መልሰን ወደ መጋዘን ገባንና ፎርክሊፍቱ ሞተሩ ሳይጠፋ በሚቆምበት ጥግ የተደረደረውን ሁሉ ከፍተን አሸተትን። ሽሮው ብቻ ሳይሆን በርበሬውም ጠረኑን ይዞ ነበር። ጥፋቱን በማሽኑ ላይ አንጥልም፤ ለሜዳ የተሠራውን ማሽን ምግብ ካለበት ቤት ያስገባነው እኛው ነን። ዱቄት፣ ቅመምና ቡና ጠረን ይስባሉ። ቡና የምትነግዱ ደግሞ በቅምሻ ላይ ባዕድ ሽታ የተገኘበት ቡና ዋጋው ምን እንደሚሆን ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ።

ሽሮ ይጣላል፤ ሳንባ ግን አይጣልም። ቦሎቄ የሚለቅሙልን ማማዎች ከጠዋት እስከ ማታ ወለል ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። ዝናብ ሲመጣ በሩ ይዘጋል፤ ጭሱ አብሯቸው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በጁን 2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ሞተርን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ከተረጋገጡት ነገሮች ጋር መድቦታል። «እንግዲያው በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ ይሁን» የምትሉም አላችሁ። ጥቁር ጭስ ባይታይበትም የጋዝ ሞተርም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው ያው ነው። ለእኛ መጋዘን መፍትሔ አይሆንም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ከሞያሌ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚደርሰው መኪናችን የሚጭነው 30 ቶን ያህል ነው፤ 300 ኩንታል ማለት ነው። በባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲቆጠር 600 ይሆናል። አንድ ፓሌት ላይ 20 ከረጢት ብንደረድር 1,000 ኪሎ ነው፤ መኪናው በሙሉ 30 ፓሌት ይወጣዋል። አንዱን ፓሌት አንስቶ ቦታው ለማድረስ 3 ደቂቃ ብንይዝ 90 ደቂቃ ነው። በሳምንት ሁለት መኪና ስናስገባ 3 ሰዓት፣ ያው ዕቃ ሲወጣ ሌላ 3 ሰዓት። ባለ 3 ቶን ማሽን እንግዛ የምንለው በሳምንት 6 ሰዓት 1 ቶን ለማንሳት ነው።

«ትልቅ ቢሆን ምን ይጎዳል?» ለሚል መልስ አለን። ባለ 3 ቶኑ ፎርክሊፍት ባዶውን ከ4 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ጭነት ሲይዝ ደግሞ አብዛኛው ክብደት በፊት እግሮቹ ላይ ይወድቃል። ከበራችን ፊት ያለው ካብሮ በሦስት ወር ውስጥ ለምን እንደሰመጠ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ሲዞርም 4 ሜትር ያህል መተላለፊያ ይፈልጋል። ለትንሹ 3 ሜትር ተኩል ይበቃዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በጠባብ መጋዘን ውስጥ አንድ ተጨማሪ የፓሌት ረድፍ ማስገባትና አለማስገባት ማለት ሊሆን ይችላል። ኪራይ የምንከፍለው በካሬ ነው፤ ለማሽን መዞሪያ ብለን የምንተወው ወለል በየወሩ ይከፈልበታል።

አቅም ሲባል ደግሞ ሻጩ የሚናገረውን ሳይሆን በማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ማንበብ ነው። ፎርክሊፍት እንደ ሚዛን ነው። የፊት እግሮቹ የሚዛኑ ማረፊያ ናቸው፤ ባንድ ወገን ጭነቱ፣ በሌላው ወገን የኋላው ክብደት። ጭነቱ ከማረፊያው በራቀ ቁጥር ማሽኑ የሚችለው ይቀንሳል። ሰሌዳው ላይ 1,500 ኪሎ ሲል ብዙውን ጊዜ የጭነቱ መሃል ከሹካው ቋሚ ፊት 50 ሳንቲም ሲርቅ ማለቱ ነው። ፓሌቱን በ1.20 ሜትሩ ርዝመት ካነሳነው መሃሉ 60 ሳንቲም ይርቃል፤ አቅሙም ወደ 1,350 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። ከፍ አድርገን ስንሰቅል ደግሞ ሌላም ሊቀንስ ይችላል፤ እሱም ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ይህን ሁሉ ቀንሰንም ለእኛ 1,000 ኪሎ ባለ 1.5 ቶኑ ይበቃል።

ከሞምባሳ በኮንቴይነር የምታስመጡም አንድ ነገር ልብ በሉ። የተለመደው ኮንቴይነር የበሩ ከፍታ 2.28 ሜትር ገደማ ነው። የተከራየነው ፎርክሊፍት ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ሹካውን ትንሽ ከፍ ሲያደርግ ምሰሶው አብሮ ይወጣና ጣሪያውን ይመታል። ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራው ምሰሶው ሳይረዝም ሹካው ብቻ ከፍ የሚልለት ዓይነት ነው። ስትገዙ ስሙን ባታውቁት እንኳ ሻጩን «ምሰሶው ሳይነቃነቅ ሹካውን እስከ ደረቴ አንሳልኝ» በሉት። ካልቻለ ለኮንቴይነር አይሆንም።

አሁን ወደ ትልቁ ተቃውሞ እንሂድ፤ «መብራት ይጠፋል» የሚለው። አዎ፣ ስቲማ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 2023 ኬንያ በሙሉ ማለት ይቻላል ጨለማ ሆና እንደነበር አልረሳነውም። ግን የኤሌክትሪክ ፎርክሊፍት እንደ ወፍጮ ከግድግዳ ተሰክቶ አይደለም የሚሠራው፤ ከባትሪ ነው። ጤነኛ ባትሪ አንድ ጊዜ ከተሞላ አምስት ስድስት ሰዓት ይሠራል። ለእኛ ይህ የሳምንት ሥራ ነው። በሰባት ቀን ውስጥ አንድ ሌሊት መብራት ካገኘን በቂያችን ነው።

ሌላም አለ። ከሞያሌ የሚመጣው መኪና ፓሌት ይዞ አይመጣም። ጫኝና አውራጆቹ ከረጢቱን አንድ በአንድ እያነሱ ፓሌቱ ላይ ይደረድራሉ፤ ፎርክሊፍቱ ሹካውን ከመኪናው ወለል ጋር አስተካክሎ ይጠብቃል። የናፍጣው ማሽን ቆሞ ሲጠብቅም ነዳጅ ይበላል፣ ጭስም ይተፋል። ሽሮአችንን ያበላሸው ሥራው ሳይሆን ጥበቃው ነው። የኤሌክትሪኩ ቆሞ ሲጠብቅ የሚበላው የለም ማለት ይቻላል።

ደግሞም ናፍጣው በመርከብ ሞምባሳ የሚገባ ነው፤ ዋጋውን እኛም ኬንያም አንወስንም። ኤሌክትሪኩስ? ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ኬንያ ከኢትዮጵያ ኃይል እየገዛች ነው፤ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ በተዘረጋው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር። እኛ ቦሎቄ ስናሻግር መብራቱም ድንበሩን እየተሻገረ ነው። ይህ ማሽን ለመግዛት ምክንያት አይሆንም፤ ግን «ኤሌክትሪክ እዚህ አገር የማይታመን ነገር ነው» ብሎ ለሚደመድም ሰው መልስ ይሆናል።

ዋጋውስ? ጥሩ የኤሌክትሪክ ማሽን ያ ሰውዬ ከጠራው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። አንክድም። ግን ኮሜርስ ስንማር የመጀመሪያው ትምህርት የመግዣ ዋጋ ከወጪዎች አንዱ ብቻ መሆኑ ነበር። ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የፉንዲ ክፍያ፣ የተመለሰ ሽሮ፣ የሰመጠ ካብሮ፣ ለመዞሪያ የተተወ ወለል ሁሉ በመዝገብ ላይ ይጻፋሉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ያላስፈለገንን 3 ቶን ጉልበት በዕቁብ ገንዘብ መግዛት ያው ነው።

የኤሌክትሪኩም ወጥመድ አለው፤ አንደብቅም። ወጥመዱ ባትሪው ነው። ያገለገለ ማሽን በርካሽ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሞተ ባትሪ ይዞ ነው፤ አዲስ ባትሪ ደግሞ ከማሽኑ ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ባለ 48 ቮልት የእርሳስ ባትሪ 24 ክፍሎች አሉት። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ እያንዳንዱ ክፍል በሃይድሮሜትር ይለካ፤ 1.28 አካባቢ ማንበብ አለበት። አንዱ ክፍል ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ትታችሁ ውጡ። የእርሳስ ባትሪ የተጣራ ውሃ መጠጣት አለበት፤ ባዶውን መክረም የለበትም፤ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ አየር በሚገባበት ቦታ ይሞላ። ሊቲየሙ ውሃ አይጠጣም፣ ሲሞላም እንዲህ ያለ ጋዝ አያወጣም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

የትኛውንም ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ሹካውን ከመታጠፊያው ላይ ለኩ። ውፍረቱ ከአዲሱ 10 በመቶ ከሳሳ ከሥራ መውጣት አለበት። ሰንሰለቱን እዩ፤ ምሰሶው ሥር ዘይት ካለ ጠይቁ። የሰዓት ቆጣሪው ትንሽ ሰዓት እያሳየ ፔዳሉ ተበልቶ ካለቀ ፔዳሉን እመኑ። የኬንያ የሥራ ደህንነትና ጤና ሕግ (እ.ኤ.አ. 2007) ማንሻ መሣሪያ በተፈቀደለት ባለሙያ እንዲመረመር፣ በሠለጠነ ሰው እንዲነዳ ያዛል። «የወንድሜ ልጅ መኪና ይነዳል» ሥልጠና አይደለም። ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ እግሩ ነው፤ መኪና የለመደ ሰው ጅራቱን ማን ላይ እንደሚያዞረው አያውቅም።

ከሁሉ በፊት ግን ፓሌትና ሰው። ፓሌት ሳይኖር ፎርክሊፍት መግዛት ድስት ሳይኖር ምድጃ መግዛት ነው። ዛሬ ያሉን ፓሌቶች ግማሹ የተሰበረ ነው። በእጅ የሚጎተተው የፓሌት ጋሪ 2 ቶን ያነሳል፤ ወለላችን ለስላሳ ነው፤ ከመብራትም ከናፍጣም ነፃ ነው። ባለ 100 ኪሎውን ጆንያ ደግሞ እናቁም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1967 ባወጣው ምክር ለአንድ ወንድ ሠራተኛ ሸክም ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ብሏል። እኛ እጥፉን ያህል በሰው ጀርባ ላይ ስንጭን ኖረናል። ላኪዎቻችንን በ50 ኪሎ አሽጉልን ማለት እንችላለን፤ ይህ አንድም ማሽን ሳይገዛ የሚሆን ነው።

ናፍጣ የትም አይሁን አላልንም። ሞያሌ ሰፊ ግቢ፣ ጠጠርና ጭቃ፣ ክፍት ሰማይ ያላችሁ ሰዎች የናፍጣውን ግዙ፤ ቦታው ነው። የኤሌክትሪኩ ትንሽ ጎማ እዚያ አይዘልቅም። የእኛ ቦታ ግን ፓርክላንድስ ነው፤ ጣሪያ ያለው፣ ምግብ የተሞላ፣ ሰው የተቀመጠበት፣ ጎረቤት የሚኖርበት።

ስለዚህ እሁድ ይህን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በዚህ ዙር ገንዘብ ፓሌትና ሁለት የእጅ ጋሪ ይገዛ። ሁለተኛ፣ የናፍጣው ኪራይ ይቁምና ለሁለት ወር ባለ 1.5 ቶን ኤሌክትሪክ ተከራይተን እንሞክር፤ መዝገቡን እኛ እንይዛለን፣ ማንም ያያል። ሦስተኛ፣ ግዢው በቀጣዩ ዙር በቁጥር ይወሰን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳንባል እንፈራለን፤ በብብታችን ያለው የደንበኛ እምነት ነው።

ያቺ እናት እስካሁን አልተመለሰችም። እሁድ ስትመጡ ከማዕዘኑ ረድፍ አንድ ከረጢት ከፍታችሁ አሽቱና ከዚያ እጅ አውጡ።