ራዲያተሩ ሳይታይ መውጫ ይሰጥ?

የሙግቱ ጥያቄ፦ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከሺንሺቾ መናኸሪያዎች የሚነሣ የናፍጣ ተሽከርካሪ የማቀዝቀዣው ነገር ሳይፈተሽ የመውጫ ወረቀት ሊሰጠው ይገባል? የመጀመሪያው ጸሐፊ የመኪና ጥገና አስተማሪ ነው። ሁለተኛው ዕድሜያቸውን በሾፌርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው።

አይገባም፤ ይፈተሽ

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይንተከተካል። የብዙዎቹ አይሱዙዎች ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ በጤናው ከሚሠራበት ሙቀት እስከ መፍያው ያለው ርቀት ከአሥር ዲግሪ ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። ይህን ርቀት የሚያሰፋልን አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን እዚሁ ከተማ ላይ የውሃውን መፍያ ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ላስቲኩ ያለቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ወይም በጨርቅ የተወተፈ ክዳን ግን ሃያ ዲግሪውን ይዞ ይሄዳል። በዓመት አንዴ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ ክዳኑን አንድ ቀን ቢያየው፣ መኪናው የሚሠራው የቀሩትን ቀናት ሁሉ ነው።

ሞተር ሲሞቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚነቀለው ቴርሞስታት ነው። ይህ ልማድ የት እንደተጀመረ አላውቅም፤ ጋራዥ ውስጥ ግን እንደ ሕግ ይነገራል። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋ ወይም የደከመ ፖምፓ ሆኖ ሳለ የሚቀጣው እሱ ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ እንዲያውም ቴርሞስታቱ ሲወጣ የፈላው ውሃ በከፊል ራዲያተሩን ሳያይ በአቋራጭ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። እንዲበርድ ተብሎ የተነቀለው ነገር ጭራሽ ያሞቀዋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል በሆሳዕና ብርድ የሚነሣ ቅጥቅጥ ያለ ቴርሞስታት ብዙ ኪሎ ሜትር ሳይሞቅ ይጓዛል። ያልሞቀ ሞተር ናፍጣውን በወጉ አያቃጥልም፤ ጥቀርሻው ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ሲሊንደሩም ያለ ጊዜው ይበላል።

ስለ ውሃውም ልናገር። ከወንዝ በጀሪካን የሚቀዳው ውሃ ማዕድኑን በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ እየለጠፈ ይሄዳል። የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ያየ ሰው ራዲያተር ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃል። ዝገትንም ይህን ልጣፊም የሚከላከል ኩላንት የሚሞላው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ረዳቱ ነው። መንገድ ዳር ቆሞ የጋለ ክዳን ሲፈታ ግፊቱ በቅጽበት ይወርዳል፤ ከ100 ዲግሪ በላይ የነበረው ውሃ እዚያው እንፋሎት ሆኖ ፊትና ደረቱ ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ተራ ውሃ የሞላ፣ ቴርሞስታት የሌለው፣ ክዳኑ የማይዝ መኪና ተሳፋሪ ጭኖ ባይወጣ እላለሁ።

ለሾፌሩ ይተው

ወጣቱ ወንድሜ ሳይንሱን አሳምሮ ጽፎታል፤ በዚያ አልከራከረውም። ክርክሬ ከመናኸሪያው በር ጋር ነው።

በዚያ በር የሚወጣው ማን ነው? ተራውን ጠብቆ፣ በታሪፍ ጭኖ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ የሚሄደው ነው። ከበሩ ውጭ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ቆሞ እየተጣራ የሚጭነውን ማን ሊፈትሸው ነው? ከልኩ በላይ ስንዴ የተጫነበት ኤፍ.ኤስ.አርስ መናኸሪያ ገብቶ ያውቃል? ሞተር ከሚያፈሉት ነገሮች አንዱ ትርፍ ጭነት ነው፤ የዚህ ደንብ ጅራፍ ግን የሚያርፈው ሕግ አክባሪው ጀርባ ላይ ነው። ፈታሹ እጁን ዘርግቶ ቢቆምስ? በየበሩ አንድ ተቆጣጣሪ በጨመርን ቁጥር የሚጨምረው ምን እንደሆነ መንገድ ላይ የኖርን ሰዎች እናውቃለን።

ደግሞም ከዱራሜ ሽቅብ ሲወጣ ቆይቶ የገባ መኪና ሳይበርድ ተራው ይደርሳል። ልትፈትሸው ክዳኑን ልትፈታ ነው? ረዳቱን አትንካ ያልከውን ፈታሹ ሊያደርገው ነው?

ስለ ኩላንት የምለው አለኝ። ሆሳዕና ውሃ የሚያረጋ ውርጭ የለባትም፤ ኩላንት የተፈለሰፈው መጀመሪያ ለዚያ ነው። ሙቀት በመሸከም ከሆነ ንጹሕ ውሃ ይበልጠዋል፤ አንድ ኪሎ ውሃ በአንድ ዲግሪ 4.2 ኪሎ ጁል ሲይዝ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለው 3.5 አካባቢ ይይዛል። በብዙ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳዎች ኩላንት ክልክል ነው፤ ሲፈስ አስፋልቱን ስለሚያሙለጨልጭ ተወዳዳሪው ውሃ ነው የሚሞላው። ሱቅ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነገርም ቀለሙ ብቻ ምንነቱን አይነግረንም።

አሜሪካ ውስጥ የናፍጣ መኪኖች የጉተታ ውድድር አለ። ከኋላ የሚጎተተው ተንሸራታች መኪናው ወደፊት በሄደ ቁጥር እየከበደ ይመጣል፤ ውድድሩ 300 ጫማ፣ 91 ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ባሉት ምድቦች ራዲያተራቸውን አውጥተው የጣሉ መኪኖች አሉ፤ ዝቅ ባሉት ደግሞ ራዲያተሩ በፋብሪካ ቦታው ይቆይ የሚሉ ደንቦች አሉ። እነሱ እንኳ ለሁሉም አንድ ሕግ አላወጡም። እኛ ግን ለአባዱላውም ለቅጥቅጡም ለትልቁ አውቶቡስም አንድ ፎርም ልናዘጋጅ ነው።

በ682 ኤንትሬ ፊያት ዓባይ በረሃን የወጣ ሾፌር ማቀዝቀዣው እግሩና እጁ ላይ እንደነበር ያውቃል። በአራተኛ ማርሽ እየታገለ የሚወጣ ሞተር ፖምፓውም ቬንትሌተሩም ቀስ ብለው ነው የሚዞሩለት። ቀድመህ ወደ ሦስተኛ፣ ወደ ሁለተኛ አውርደው፤ ዙሩ ሲጨምር ውሃውም ነፋሱም ይበረታል። የዛሬ ልጆች ይህን አልተማሩም፤ ደንብ አውጪ ካለ መጀመሪያ ይህን ያስተምር።

የአስተማሪው መልስ

ጋሼ፣ የማርሹን ነገር ከእርስዎ ተቀብያለሁ። የጉተታው ምሳሌ ግን ለእኔ ነው የሚመሰክረው። እነዚያ መኪኖች ራዲያተር የሚጥሉት ሥራቸው በ91 ሜትር ስለሚያልቅ ነው። እርስዎ ያነሡት ዓባይ በረሃ ግን ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወልቂጤ አድርጎ ወደ ጅማ የሚሄደውም 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው የጊቤ ሸለቆ ይወርድና በዚያ ወበቅ ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። የእሽቅድምድም ሰው ውሃ ሞልቶ ሲጨርስ ያፈሰዋል፤ የእኛ ሾፌር ዓመቱን ሙሉ እዚያው ያኖረዋል፣ ብረቱም የሚዝገው ያኔ ነው።

የኩላንቱን ግዴታ እተዋለሁ፤ ዋጋውም ጥራቱም ለሾፌር ሸክም ነው። ቴርሞስታቱንም በር ላይ ፈትቶ ማየት እንደማይቻል አምናለሁ። ፍተሻው ንጋት ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ከመጀመሪያው ስምሪት በፊት ብቻ ይሁን፦ ክዳኑ፣ ቺንጋው፣ የውሃው ልክ፣ የሙቀት ጌጁ። ለዚህ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይጠየቅም።

የሾፌሩ የመጨረሻ ቃል

ጌጁን እቀበላለሁ። ጌጁ የሞተ መኪና ተሳፋሪ አይጫን፤ ሾፌሩ ዓይኑን ታስሮ ነው የሚነዳው። ክዳኑንና ቺንጋውን ግን ጠዋት ጠዋት ራሱ ሾፌሩ ከረዳቱ ጋር ይየው እንጂ ለወረቀት ፈራሚ አይሰጥ። ፈራሚው ከመኪናው ጋር አይሄድም፤ ጊቤ ላይ ሲፈላ ኮፋኖ የሚከፍተው ሾፌሩ ነው። መናኸሪያው ጉልበት ካለው ከበሩ ውጭ ያለውን ጭነት ያስቁም።