«ሆድ ይፍጀው» ቤት አይጠብቅም

በቅርቡ ከሥራ ሰዓት በኋላ ከባልንጀሮቼ ጋር ሻይ እየጠጣን ስንጨዋወት የመጻሕፍት ነገር ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ፣ በዕድሜም በትምህርትም የሚበልጠንና ሁላችንም የምናከብረው ሰው፣ ከወላጅ በተወረሰ ቤት ውስጥ ስለ ተቀበረ የቤተ ሰብ ምስጢር የሚተርኩትን ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለዶች በብርቱ ነቀፈ። «እነዚህ መጻሕፍት ከተማሪ እጅ መውጣት አለባቸው» ሲል ፈረደ። ምክንያቱንም ሦስት አድርጎ አቀረበ። አንደኛ፣ ገመናን አደባባይ ማውጣት ነውር ነው። ሁለተኛ፣ ነገሩ የባዕድ እንጂ የእኛ አይደለም። ሦስተኛ፣ መጻሕፍቱ አንባቢን ከማስደንገጥ በቀር ቁም ነገር የላቸውም። በዚያ ሰዓት አክብሮት ይዞኝ ዝም አልሁ። ነገር ግን ዝምታዬ ራሱ የጽሑፌ ርእስ መሆኑን ስለ ተረዳሁ፣ መልሴን በዚህ ገጽ ላይ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ ታይቶኛል።

ከመጨረሻው ክስ ልጀምር። ቁም ነገር የለውም ከተባለው ከዚህ ዐይነት ድርሰት ቀደምት ከሆኑት አንዱ፣ አሜሪካዊው ናትናኤል ሆቶርን በ1851 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ሰባት ሾጣጣ ጣራ ስላለው ቤት የሚተርከው መጽሐፍ ነው። ኮሎኔል ፒንቺን የተባለ ኃያል ሰው ማቲው ሞል የሚባለውን ድኻ ቦታ ይመኛል። ድኻው ቦታዬን አልለቅም ይላል። ኋላ ግን ሞል ጠንቋይ ነው ተብሎ ተፈርዶበት ይሰቀላል፤ ኮሎኔሉም በዚያው መሬት ላይ ታላቅ ቤት ያሠራል። ቤቱ በተመረቀበት ቀን ግን ባለቤቱ ከወንበሩ ላይ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ወራሾቹ ከትውልድ ወደ ትውልድ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ፍርሀቱንም እየወረሱ ይኖራሉ። ሲፈልጉት የኖሩት የሰፊ መሬት ሰነድ ከኮሎኔሉ ሥዕል በስተጀርባ፣ በግድግዳው ውስጥ ተገኘ፤ ነገር ግን ሲገኝ ጊዜ ያለፈበት ዋጋ ቢስ ወረቀት ሆኖ ነበር። ሰነዱን በዚያ የሸሸገው ማን ነበር? ቤቱን የሠራው አናጢ፣ የተሰቀለው ሰው ልጅ ነው። የተበዳዩ እጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በግድግዳው ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

ደራሲው ይህን ከባዶ አላመጣውም። በ1692 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ፣ በሴለም አገር፣ ጠንቋዮች ናችሁ ተብለው 19 ሰዎች በስቅላት ሲገደሉ፣ ከመረመሩትና በዳኝነት ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ጆን ሃቶርን የደራሲው የዘር አባት ነበር። እንግዲህ ሆቶርን የጻፈው የጎረቤቱን ሐሜት አይደለም፤ የገዛ ወገኑን ዕዳ ነው። ይህን ተራ ማስደንገጫ የሚል ሰው መጽሐፉን ከፍቶ ያነበበው አይመስለኝም።

ሁለተኛውን ምስክር ልጥራ። እንግሊዛዊቷ ዳፍኒ ዱ ሞሪዬ በ1938 እ.ኤ.አ. «ርብቃ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣች። ተራኪዋ አንዲት ወጣት ሙሽራ ናት፤ ስሟ በመጽሐፉ ውስጥ ከቶ አልተነገረም። ባለጸጋ ባሏ ከአባቶቹ ወደ ወረሰው ወደ ማንደርሌ ቤት ያስገባታል። በዚያ ቤት ሞታለች የተባለችው የቀድሞይቱ ሚስት በዕቃውም በአገልጋዮቹም ላይ እንደ ነገሠች ናት። በመጨረሻ ባልየው ያችን ሚስቱን በጥይት የገደላት እርሱ ራሱ መሆኑን ይናዘዛል። ሙሽራይቱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማት ድንጋጤ አይደለም፤ «ለካ አይወዳትም ኖሯል» የሚል ደስታ ነው። እኛም አንባቢዎቹ ከእርስዋ ጋር ሆነን መርማሪዎች እውነቱን እንዳይደርሱበት እንመኛለን። እኔ ስመኝ ራሴን ይዤዋለሁ። የዚህ ዐይነት ድርሰት ትልቁ ኀይል ይህ ነው፤ ክፉ ሰውን ከሩቅ አሳይቶ አያስፈራንም፤ የዝምታው ተባባሪ አድርጎን ሲያበቃ መስተዋት ያቀርብልናል።

በ1940 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን ታሪክ ሲኒማ ባደረገው ጊዜ፣ የሆሊውድ የሲኒማ ደንብ ነፍሰ ገዳይ ሳይቀጣ እንዲቀር ስለማይፈቅድ፣ ሴትዮዋ ወድቃ በድንገት እንደ ሞተች ተደርጎ ተለወጠ። ሥዕሉ የዓመቱን ከፍተኛ ሽልማት አገኘ፤ የታሪኩ መርፌ ግን ወለቀ። ለተመልካች ሥነ ምግባር የተቆረቆሩት ሰዎች ተመልካቹ ራሱን የሚጠይቅበትን ጥያቄ ወሰዱበት። መጻሕፍቱ ከተማሪ እጅ ይውጡ የሚለው ባልንጀራዬም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ገመናው ክስ ልግባ። ገመናን መሸፈን ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ጠባይ መሆኑን አልክድም። የጎረቤቱን ማጣት አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ፣ የታመመውን ደዌ ለሰው የማያወራ ሰው ጨዋ ነው። ነገር ግን በአንድ ስም ሁለት ነገር እየጠራን እንዳንሳሳት እፈራለሁ። የራስን ችግር መሸፈን ገመና ነው፤ የሌላውን ሰው ድርሻ መሸፈን ግን ስርቆት ነው። ከቤቱ ምስጢር በስተጀርባ የተበደለ ሰው ቆሞ እንደ ሆነ፣ «ሆድ ይፍጀው» የሚለው ቃል ትዕግሥት መሆኑ ይቀርና የበዳይ መቀርቀሪያ ይሆናል። አገራችንም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ማለቷ ለከንቱ አይደለም።

ነገሩ የባዕድ ነው ለሚለው ክስ ግን ምስክሩ እኔው ነኝ። አባቴ ካረፈ በኋላ አርባው ሲወጣ ሣጥኑን ከፈትን። ከርስቱ ወረቀት ሥር የገንዘብ መላኪያ ደረሰኞችና የአንዲት ልጅ የትምህርት ቤት ውጤት ካርዶች ታስረው ተገኙ፤ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል። ከልጅቱ ስም ቀጥሎ የተጻፈው የአባቴ ስም ነበር። አጎቴ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ መልሶ አሰረና «ልጄ፣ አባትህን ከመቃብር አታውጣው። እናትህም ብትሰማ ትሞታለች። ሆድ ይፍጀው» አለኝ። እኔም እሺ አልሁ። ወንድሞቼና እኔ ከእኛ በቀር ወራሽ የለም ብለን አመለከትን፤ ምስክሮችም ማሉልን። በመሥሪያ ቤቴ የዕለት ሥራዬ የሌላውን ሰው ሰነድ እውነተኛነት ማጣራት ነው። በራሴ ሐሰት ላይ ግን እጄ ሳይንቀጠቀጥ ፈረምሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሟች ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ ይላል፤ በጋብቻ የተወለደውን ከጋብቻ ውጭ ከተወለደው አይለይም። ሕጉን አላወቅሁም ልል አልችልም። ነገር ግን ሕግ ከውጭ ያዝዛል እንጂ ሌሊት ገብቶ ከአልጋ አያስነሣም። እኔን ያስነሣኝ ከላይ የጠቀስሁት የሆቶርን መጽሐፍ ነው። ከሥዕሉ በስተጀርባ ስላለው ሰነድ ባነበብሁ ጊዜ ዐይኔ ከአባቴ ሣጥን ላይ ሊነሣ አልቻለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በደረሰኙ ላይ ወደ ተጻፈው ከተማ ሄድሁ። እኅቴን አገኘኋት፤ መልኳ የአባቴ መልክ ነው። ስለ ቤቱ ስነግራት አላቋረጠችኝም። በመጨረሻ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ለቀብሩ ለምን አልጠራችሁኝም?» ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ድርሻዋን ለመስጠት ወንድሞቼን እስካስማማ ድረስ ብዙ ጠብ ሆነ፤ አጎቴም እስካሁን ሰላም አይለኝም። ትሞታለች የተባለችው እናቴ ግን ነገሩን ስነግራት «እኔ ከእናንተ በፊት ነው የማውቀው። እናንተ እንዳታዝኑ ብዬ ነው» አለችኝ። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል! እርስዋ ለእኛ፣ እኛ ለእርስዋ ስንል በአንድ ቤት ውስጥ ተደባብቀን ኖርን፤ የዚያን ሁሉ ዝምታ ዋጋ የከፈለችው ግን ከደጅ የቀረችው ልጅ ናት።

ለእውነት ስል ለባልንጀራዬ አንድ ነገር እለቅለታለሁ። በዚህ ስም ከሚወጡት መጻሕፍት ብዙዎቹ ለገበያ ብቻ የተሰፉ ናቸው። በር ይንቋቋል፤ መብራት ይጠፋል፤ በየምዕራፉ ሬሳ ይገኛል፤ የተበደለው ሰው ግን የለም። ምስጢሩ ባለቤት የሌለው ስለ ሆነ ሲገለጥም ለማንም ምንም አይመለስለትም። እነዚህን እኔም አልወድም። ነገር ግን እንክርዳድ አለ ተብሎ ስንዴው አይቃጠልም። መለያውም ቀላል ነው፤ መጽሐፉን ዘግተን «በዚህ ዝምታ የተጎዳው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ካለው መጽሐፉ ከሥነ ምግባር ትምህርት የሚቈጠር ነው።

ስለዚህ መምህራን እነዚህን መጻሕፍት ከተማሪ እጅ ከመንጠቅ ይልቅ መልካሙን ከመጥፎው እንዴት እንደሚለይ ቢያስተምሩ ይሻላል። ደራስያኖቻችንም የባዕድ አገር ቤት መዋስ አያስፈልጋቸውም። የእኛ የጭቃና የእንጨት ግድግዳም ይሰማል፤ የእኛም ሣጥን ቁልፍ አለው። ኑዛዜው የተሰወረበት፣ የባለቤቱ ልጅ እንደ አገልጋይ ተቈጥሮ ያደገበት፣ ድንበሩ በሌሊት የተገፋበት ቤት ሞልቶናል። እርሱን ይጻፉልን።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። እኔ ግን አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ እውነት ሲጠራ የዘገየው ሰው አብሮ አይጠራም። የእኅቴን ድርሻ መለስሁላት። የአባቷን ቀብር ግን ልመልስላት አልቻልሁም።